የቫኗ መስታወት ለምን ያልበዋል?

ያን እሁድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኗ ቫን ግቢው መግቢያ ላይ የበረዶ ክምር ላይ ወጣች። ተጋጨች ማለት እንኳን ያስቸግራል። የፊት ቀኝ ጎማዋ ክምሩን ነካ፣ ትንሽ ተንፏቀቀ፣ ቆመ። ከኋላ የተቀመጡት እናቶች የጀመሩትን መዝሙር አቋርጠው በአንድ ድምፅ «በኢየሱስ ስም!» አሉ። ማንም አልተጎዳም፤ እማማ ለተንሳኤ ለኅብረት ምሳ በጉልበታቸው ይዘውት የነበረው የምስር ድስት ብቻ ክዳኑ ተከፍቶ ካፖርታቸው ላይ ፈሰሰ።

ሹፌሩ ጋሽ ወልዱ ሞተሩን አጠፉና መሪውን እንደያዙ ቆዩ። ከዚያ በእጃቸው ጀርባ የፊቱን መስታወት ጠረጉ።

«መስታወቱ ነው» አሉ። «አላበው። ምንም አይታይም እኮ።»

እውነታቸውን ነበር። መስታወቱ እንደ ሻወር ቤት መስታወት ነጭ ሆኖ ነበር፤ ይህን በቫኗ ውስጥ የነበረ ሁሉ አይቷል፣ ሲጠየቅም መስክሯል። ግን እውነት ግማሽ ሲሆንም እውነት መባሉ አይቀርም፤ ሌላውን ግማሽ የሚያውቁት ጋሽ ወልዱ ብቻ ነበሩ። ክምሩን የቆለለው በረዶ ጠራጊው ነው፤ በዋዜማው። ባለፈው እሁድ እዚያ ቦታ ምንም አልነበረም። ጋሽ ወልዱ ደግሞ መንገዱን በዓይናቸው መከተል ትተው በቃላቸው መንዳት ከጀመሩ ሰንብተዋል።

ጋሽ ወልዱ ከረን ተወልደው፣ አስመራ በአማርኛ ተምረው፣ ሚኒሶታ ያረጁ ሰው ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶብስ ነድተዋል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ እሁድን እሁድ የሚያደርግላቸው የቫኗ ቁልፍ ነው። በየአፓርትመንቱ በር ላይ ሰው ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ ሲደርሱም «መጣልን!» ይላል። ሰው የሚጠብቀው ሽማግሌ መሆን ቀላል ነገር አይደለም።

የቀኝ ዓይናቸው ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን ደበዘዘ። ገና ሲደርስ ግራውም ተከተለ። መብራት ሲያዩ እንደ ጥጥ ተበትኖ ይታያቸዋል። ለማንም አልተናገሩም። አባታቸው በእርጅና ዘመናቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን «ማን ነህ?» እያሉ ይጠይቁ እንደነበር ያስታውሳሉ። ዓይን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያንን ጥያቄ በራስ አፍ መጀመር መስሎ ይታያቸዋል። እና የሚነዱት በቀን ነው፤ የሚነዱትም የሚያውቁትን መንገድ ብቻ ነው። የትኛው መገናኛ ላይ መብራት እንዳለ፣ የት መታጠፊያው እንደሚጠብ፣ ሮበርት ጎዳና ላይ የትኛው ሱቅ ሲታለፍ ፍሬን መያዝ እንደሚጀመር፣ ሁሉን ያውቁታል። ለራሳቸው የሚሰጡት መልስ ይኸው ነበር።

ከአገልግሎቱ በኋላ የትራንስፖርቱ ኀላፊ ወንድም ሐጌ ጠራቸው። ሐጌ ለስለስ ያለ ሰው ነው፤ ክፉ ነገር ሲናገር የሌላ ሰው ጫማ የረገጠ ይመስላል።

«ጋሽ ወልዱ፣ አይቀየሙኝ። ወጣቱ ጎንፋ ለመንዳት ፈቃደኛ ነው። ሻኮፒ ከተማ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል እንጂ እሁድ እሁድ አለሁ ብሏል። ነገሩ እስኪጣራ...»

«ምኑ ነው የሚጣራው?»

«መስታወቱ ይሁን ወይስ...»

«ወይስ ምን?»

ጋሽ ወልዱ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ እጃቸው ግን ከቁልፉ ላይ ቶሎ አልተነሳም።

የቫኗ ነገር በማግስቱ በየስልኩ ተወራ፤ የእማማ ለተንሳኤ የልጅ ልጅ ማዕዶትም ሰማች። ማዕዶት ሰባተኛ ክፍል ናት። በእማማዋ ትግርኛና በእናቷ አማርኛ መካከል አድጋ ለሁለቱም በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ናት፤ ለጋሽ ወልዱ ግን አማርኛዋን ታወጣላቸዋለች። ቫኗ ውስጥ የፊት ወንበር የሚፈቅዱላት እሳቸው ናቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኗ ምድር ቤት እድላዊት የምትባል ወጣት የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሳይንስ ታስጠናለች። ሥራዋ ኤደን ፕሬሪ የምትባል ከተማ ነው፤ የውሃ ናሙና የሚመረመርበት ቤት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ልጆቹ ለመስማት ሲሉ ዝም ይላሉ። በዚያ ሰሞን እያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥያቄ መርጦ ሙከራ እንዲሠራ ነግራቸው ነበር።

ጋሽ ወልዱ ያን ቅዳሜ ምድር ቤት የወረዱት ማዕዶት ስለጠራቻቸው ነው። ጥግ ላይ ባለች የልጅ ወንበር ተቀመጡ።

«አባባ ወልዱ፣ ጥፋቱ የእርስዎ እንዳልሆነ ፕሩቭ ላደርግ ነው» አለች ማዕዶት።

«መልሱን ይዘሽ አትነሺ» አለች እድላዊት። «መጀመሪያ ጥያቄሽ ምንድን ነው?»

«የቫኗ መስታወት ለምን ያልበዋል?»

«ጥሩ። መላምትሽስ?»

«ምክንያቱ አያቷ ናቸው!» አለ ከጎኗ የተቀመጠው ሶፎንያስ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ማዕዶት በክርኗ ወጋችው፤ ግን ነገሩ ውሸት አልነበረም።

ምክንያቱን ለማወቅ እናቶቹን ማወቅ ያስፈልጋል። እማማ ለተንሳኤና ጓደኞቻቸው ከብርድ ይልቅ ነፋስ ይፈራሉ። ብርድን በካፖርት ይችሉታል፤ በቀዳዳ የሚገባ ነፋስ ግን አንገት ይይዛል፣ ጎን ይወጋል፣ ሰው ይጥላል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ የቫኗ መስኮት ከመስከረም እስከ ግንቦት አይከፈትም። የፊቱን መስታወት የሚያደርቀው አየርም ነፋስ ነውና ይዘጋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እማማ ለተንሳኤ አንድ ቀን ፊት ተቀምጠው የታጠፈ ቀስት ያለባትን ቁልፍ ማግኘታቸው ነው። እሷ ስትጫን ከውጭ አየር መግባቱ ይቀርና የውስጡ አየር እዚያው ይዞራል፤ ቫኗም ቶሎ ትሞቃለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ገና ከመሳፈራቸው «ወልዱ፣ ያቺን ቀስት!» ይላሉ። ጋሽ ወልዱ ስንት ዓመት ሚኒሶታ ክረምት ላይ የነዱ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ሲደረግ መስታወቱ ምን እንደሚሆን አጥተውት አይደለም። ይሉኝታ ነው። እናቶች እየተንቀጠቀጡ «ዝጋልን» ሲሉ «አልዘጋም» የሚል አንደበት አልፈጠረባቸውም። በጨርቅ እየጠረጉ ይነዳሉ።

ከዚህም ሌላ፣ በክረምቱ መጨረሻ ላይ፣ ላቡ ጠቅሟቸው ነበር። መስታወቱ ካላሳየ የዓይን አለማየት አይታወቅም።

እድላዊት ሶፎንያስን ወደ መስኮቱ ጠራችና ብርጭቆው ላይ እንዲተነፍስ አደረገችው። ነጭ ክብ ተሠራ። ሶፎንያስ በጣቱ ሁለት ዓይንና አንድ አፍንጫ ሣለበት።

«ይህ ከየት መጣ?»

«ከብርጭቆው?»

«ከአንተ ነው። ስትተነፍስ ከሰውነትህ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፤ አይታይም። ሙቅ አየር ብዙ እንፋሎት ይሸከማል፤ ሲቀዘቅዝ ግን መሸከም ያቅተዋል። መስታወቱ ቀዝቃዛ ነው። እንፋሎቱ ሲነካው ወደ ውሃ ይመለሳል። አየር ካልወጣ ካልገባ ደግሞ እየተጠራቀመ ይሄዳል።»

«ስለዚህ የቫኗ መስታወት ላይ ያለው» አለ ሶፎንያስ ፊቱን አኮማትሮ፣ «የእማማዎቹ... ዩው!»

«መዝሙራቸውም ጭምር» አለች እድላዊት ሳትስቅ። «የሚዘምር ሰው ብዙ አየር ያስወጣል።»

ሙከራው ወዲያው ተወሰነ። አንዱ ሕግ ከባድ ነበርና እድላዊት ደጋግማ ተናገረችው፤ አንድ ነገር ብቻ ትለውጣላችሁ፣ የቀረው ሁሉ ባለበት ይቆያል። ሁለት ነገር ከለወጣችሁ ውጤቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አታውቁም። ሰዎቹ ያው፣ ቫኗ ያቺው፣ መዝሙሩ ያው፣ ሹፌሩም ያው። የሚለወጠው አየሩ ብቻ ነው፤ አንዴ ተዘግቶ፣ አንዴ ተከፍቶ።

የሚነበብ ነገርም ያስፈልጋል። ማዕዶት የትምህርት ቤቷ ነርስ ዘንድ ያየችውን ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል አትማ ልታመጣ ፈለገች። እድላዊት ትንሽ አሰበችና አልተቀበለችም።

«ለእማማዎቹም ለጋሽ ወልዱም የራሳችን ፊደል እያለ ያንን ማምጣት ደስ አይልም። የሕፃናቱ ክፍል ውስጥ ገበታ አለ። እሱን ግድግዳው ላይ እንስቀል።»

ክብር ነበር። ስህተቱም እዚያው ውስጥ ነበር፤ ግን ማንም አላየውም።

ለጸሎት ለመጡት እናቶች ነገሩ ሲነገር እማማ ለተንሳኤ ተቆጡ።

«መስታወቱ ያላበው በኛ ነው በሉኛ! ሽማግሌው ክምር ላይ ወጣ፣ ጥፋቱ የለተንሳኤ ትንፋሽ ሆነ!»

«እማማ፣ ሳይንስ ነው» አለች ማዕዶት።

«ሳይንስሽ ምን ላድርግ ይላል? ትንፋሼን ልያዝ?»

«ቢይዙልንማ ጥሩ ነበር» አለ ሶፎንያስ፣ ቀስ ብሎ፤ ግን ሰሙት። እየሳቁ ሻርፓቸውን አጥብቀው ተሳፈሩ።

ቫኗ በቤተ ክርስቲያኗ የጡብ ግድግዳ ትይዩ፣ ራቅ ብላ ቆመች። ገበታው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ጋሽ ወልዱ መሪው ላይ ተቀመጡ። ሐጌም ውጤቱን ሊያይ መጥቶ ከበሩ አጠገብ ቆመ፤ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቷል፣ ቁልፉም እዚያው ኪስ ውስጥ እንዳለ ጋሽ ወልዱ ያውቃሉ፤ ለሙከራው ሞተሩን ያስነሡት በትርፉ ቁልፍ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ እንደ እሁዱ ሆነ። መስኮት ተዘጋ፣ የታጠፈችው ቀስት በራች፣ እናቶች ዘመሩ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሳይደርሱ መስታወቱ ከዳር ወደ መሐል ነጭ እየሆነ መጣ። ሶፎንያስ ከፊት ወንበር «ምንም አይታየኝም!» አለ በደስታ። ጋሽ ወልዱም «ለኔም» አሉ። በዚህኛው አልዋሹም።

ለሁለተኛው ቀስቷ ጠፋች፣ አየሩ ወደ መስታወቱ ተለቀቀ፣ የጋሽ ወልዱ መስኮት በጣት ስፋት ተከፈተ። ከኋላ ጩኸት ሆነ።

«ገደላችሁን!»

«እማማ፣ ይዘምሩ! መዝሙሩ አንድ መሆን አለበት!»

«አንገቴ ሲያዝ ማን ሊዘምርልሽ ነው!»

ዘመሩ ግን። መስታወቱ ከታች ጀምሮ እየጠራ ወጣ። ሶፎንያስ የገበታውን አንዳንድ ፊደል መጥራት ጀመረ፤ የማያውቀውን «ያ ቤት የሚመስለው» እያለ አለፈ። ማዕዶት በረዶ መፋቂያ ይዛ ግድግዳው ሥር ቆማ ነበር፤ ቀይ ጓንት አድርጋለች። በመፋቂያው የመጀመሪያውን መስመር ነካች።

«አሁን አባባ ወልዱ!»

ጋሽ ወልዱ አዩ። የጡቡ ግድግዳ አለ። መሐሉ ላይ ነጭ ነገር አለ፤ በነጩ ላይ ጉንዳን የሄደበት የመሰለ ግራጫ መስመር አለ። ቀይ ጓንት አለ። ፊደል የለም። ግን የፊደል ገበታ መሆኑን ያውቃሉ፤ ቀይ ጓንቱ የመጀመሪያው መስመር ላይ መሆኑንም ያውቃሉ። ፈተናውን እንደሚያልፉ ከማንም በፊት የገባቸው ያኔ ነው።

«ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ።»

ጓንቱ ወረደ።

«ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ።»

ድምፃቸው ሳያስቡት ዜማ ያዘ፤ በልጅነት የያዙት ዜማ ነው። ከኋላ አንዲት እናት ተቀበለች፣ ሌላዋም ቀጠለች። ሦስተኛው መስመር ላይ ቫኗ በሙሉ ክፍል ሆነች። «ሐ፣ ሑ፣ ሒ...» ሶፎንያስ ወደ ኋላ ዞሮ አየና «እማማ ለተንሳኤ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው!» ብሎ ለጋሽ ወልዱ ሹክ አላቸው፤ እማማ ሻርፓቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ያዜማሉ። አንድም አልሳቱም።

«ዬስ!» አለች ማዕዶት ከውጭ፤ መፋቂያውን ወደ ላይ ወረወረችው። ልጆቹ ጮኹ። ሐጌ የተሸከመውን ነገር ያወረደ ያህል ተነፈሰ። እናቶች አጨበጨቡ፤ ለጋሽ ወልዱ ይሁን ለራሳቸው አልለየም።

«ተመስገን» አለ ሐጌ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ። ቁልፉን አወጣና አቀበላቸው። «ከእንግዲህ ያቺን ቀስት ማንም አይነካም። እማማ፣ ሰምተዋል? ጋሽ ወልዱ፣ ልጆቹን የሚቀጥለው ቅዳሜ በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ የሚወስዳቸው አጥቼ ነበር፤ ከኤደን ፕሬሪ ወዲያ አንድ ኮረብታ አለ አሉ። እርስዎ ቢወስዷቸው?»

«ከኤደን ፕሬሪ ወዲያ?»

«አድራሻውን ስልክዎ ላይ ላድርግልዎት። ሩቅ አይደለም።»

«የፊት ወንበር የኔ ነው!» አለች ማዕዶት እየሮጠች መጥታ። ጉንጮቿ ቀልተዋል። «አባባ ወልዱ፣ አየህ... አዩ? ሹፌሩ አልተለወጠም። የተለወጠው አየሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ አይደለም። እንደዛ ነው የምጽፈው።»

ጋሽ ወልዱ ቁልፉን መዳፋቸው ውስጥ አገላበጡት። ቁልፉ የሐጌን ኪስ ሙቀት ይዟል። እናቶቹ እየተደጋገፉ ወረዱ፤ ምድር ቤት ሻይ አለ። ቫኗ ውስጥ ሶፎንያስ ብቻ ቀረ፤ የጠራው መስታወት ላይ እየተነፈሰ ሰው ይሥላል።

ኮረብታውን አያውቁትም። ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ አንድም ቀን አልነዱትም። የት መብራት እንዳለ፣ የት እንደሚታጠፍ በቃላቸው አልያዙትም፤ ፊት ወንበር ላይ ደግሞ ይህች ልጅ ትቀመጣለች።

ከረን ሳሉ፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ ፊደል ያስቆጠሯቸው አንድ ካህን ነበሩ። ልጅ የሚዘምረውን ያያል ብለው አያምኑም። ገበታውን ከላይ እስከ ታች ያነበበን ልጅ አያመሰግኑትም፤ ስንደዶ ይዘው ከመሐል አንዱን ይነኩና «ይህ ማን ነው?» ይላሉ። ቀጥሎ ከታች። ቀጥሎ ከዳር። አቡጊዳን የሚያስቀጥሉትም ለዚሁ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ሲዘበራረቅ በቃል የሚሄደው ከሚያየው ይለያል። ወልዱ የሚባለው ልጅ አንድ ጠዋት ሁሉን አዚሞ ሲጨርስ ስንደዶው መሐል ላይ ወረደ፤ ልጁም ፊደሉን ትቶ የካህኑን ፊት ማየት ጀመረ። ካህኑ ያኔ አልመቱትም። «ነገ እይና ና» ነበር ያሉት።

ገበታውን ልታወርድ የሄደችውን ማዕዶትን በተከፈተችው መስኮት ጠሯት።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ተዪው። እዚያው ቁሚ።»

«ለምን?»

«ሙከራሽ አልተጨረሰም። በዚያ እንጨትሽ አንድ ፊደል ንኪ። ከመሐል። በተራ እንዳይሆን። ሶፎንያስ፣ አንተ እዚህ ሆነህ እይልኝ፤ ስሳሳት ንገረኝ።»

«ለምን ይሳሳታሉ?» አለ ሶፎንያስ።

ማዕዶት ትከሻዋን ነቅንቃ መፋቂያውን አነሣች። ቀይ ጓንቱ ነጩ ነገር መሐል ላይ ቆመ። ጋሽ ወልዱ ዓይናቸውን አጠበቡ፣ ወደ መሪው ተጠጉ።

«ቀ» አሉ።

ሶፎንያስ ገበታውን ደግሞ አየ። ከዚያ «ኖ» አለ፤ «ነ ናት።»

ጓንቱ ወደ ታች ሄደ።

«ጠ።»

«አይደለም።»

ጓንቱ ወደ ዳር ሄደ። ጋሽ ወልዱ መገመት ተዉ። መስታወቱ ጥርት ብሏል፤ በጥራቱ ላይ የሶፎንያስ ጣት የሣለው ሰው ብቻ አለ፤ ከመስታወቱ ወዲያ ጓንቱ አለ፤ ጓንቱ ከሚነካው ቦታ ላይ ምንም የለም።

«ጓንትሽ ይታየኛል» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ሌላው አይታየኝም።»

ማዕዶት ወዲያው አልገባትም። ሲገባት መፋቂያውን ቀስ ብላ አወረደችው፤ ወደ ቫኗ መጥታ መስኮቱ ሥር ቆመች።

«ግን አነበቡት እኮ። ሁሉንም።»

«አያትሽም አነበበችው። ዓይኗን ጨፍና።»

ማዕዶት ወደ ኋላ ወንበሮቹ አየች፤ ባዶ ናቸው።

«ኖት ፌር! ፖስተሬን ልጽፍ ነበር። አሁን መልሱ ተበላሸ።»

እድላዊት ልጆቹ ምን ሆኑ ብላ ወጥታ ነበርና የመጨረሻውን ሰምታለች። ወደ ግድግዳው ገበታ አየች፣ ወደ ጋሽ ወልዱ አየች። ፊቷ ቀላ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ገበታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ወደ ማዕዶት ዞረች፤ እንደ ክፍሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መስታወቱ ያላበው በትንፋሹ ነው። ያ አልተበላሸም፤ አይታችሁታል። ለምን ቫኗ ክምር ላይ ወጣች የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አንድ ነገር ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንዱን ማግኘት ሌላውን አያጠፋውም።»

«ሁለቱንም ልጻፍ?»

«ያንን ጋሽ ወልዱን ጠይቂ።»

ማዕዶት ጠየቀቻቸው፤ በዓይኗ ብቻ።

«ጻፊው» አሉ ጋሽ ወልዱ። «ስሜን ተዪው። ሹፌሩ በዪ።»

ሐጌን ራሳቸው ሄደው አገኙት። ምድር ቤት ሻይ ይዞ ቆሟል። ቁልፉን ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ አስቀመጡት፤ በዚህኛው ጊዜ እጃቸው ቶሎ ተነሣ። ምን እንደተባባሉ ሌላው አልሰማም፤ ሐጌ ብርጭቆውን አስቀምጦ ስልኩን ሲያወጣና «የማን ዓይን ሐኪም ነው ጥሩ?» እያለ ከአንዱ እናት ወደ ሌላዋ ሲዞር ግን ሁሉም አይቷል። እናቶች ሁሉ ሐኪም ነበራቸው። የእያንዳንዷ ሐኪም ከሌላዋ ይበልጥ ነበር። «የዓይን ሞራ ነው፤ ሽንኩርት እንደመላጥ ነው የሚያነሡት» አለች አንዷ። ሌላዋ «ቀድሞ ማን አየውና ሞራ አልሽው?» አለቻት።

እሁድ ጠዋት ጋሽ ወልዱ ካፖርታቸውን ለብሰው አፓርትመንታቸው በር ላይ ቆሙ። ከዚህ በፊት እዚህ በር ላይ ቆመው ቫን ጠብቀው አያውቁም። ነጭ ነገር መጥቶ ቆመ፤ በሩ ሲከፈት ከውስጥ መዝሙርና ሙቀት አብሮ ወጣ። «መጣልን!» አለ አንድ ሰው፤ ቀልድ ይሁን ልማድ አላወቁም። ጎንፋ ወርዶ ክንዳቸውን ያዛቸው። ፈረቃውን ጨርሶ በቀጥታ የመጣ ስለሆነ ሥራ ቤት የሚለብሰውን ብርቱካናማ ሰደርያ አላወለቀም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ እማማ ለተንሳኤ አጠገብ አስቀመጣቸው።

ጥቂት እንደሄዱ እማማ ለተንሳኤ ተንቀሳቀሱ።

«ጎንፋ ልጄ፣ ያቺን ነፋስ ዝጋልን። ያቺን ቀስት።»

«እሺ እማማ» አለ ጎንፋ። ይሉኝታ በዕድሜ የሚመጣ አይደለም፤ እጁ ወደ ቀስቷ ተዘረጋ።

«አትንካት» አሉ ጋሽ ወልዱ።

የጎንፋ እጅ ተመለሰ። ጋሽ ወልዱ በጎናቸው ያለውን መስኮት በእጃቸው ዳስሰው መክፈቻውን አገኙና በጣት ስፋት ገፉት። ቅዝቃዜው እንደ ምላጭ ገባ።

«ወልዱ!» አሉ እማማ ለተንሳኤ። «ልትገድለን ነው? መሪ ላይ ሳለህ አንዲት ቀን ክፉ ሳትናገረን!»

«መሪ ላይ ስሆን ፈርቼሽ ነበር።»

ከኋላ አንዲት እናት ሳቀች። እማማ ለተንሳኤ ሻርፓቸውን ሁለት ጊዜ ጠመጠሙ፤ የሻርፑን ትርፍ በጋሽ ወልዱ አንገት ላይ ጣል አደረጉት፤ ቁጣቸው ግን አልበረደም፤ በትግርኛ ለራሳቸው ያጉረመርማሉ።

ጋሽ ወልዱ ወደ ፊት አዩ። ፊት ለፊታቸው ያለው ነጭ የመስታወቱ ይሁን የዓይናቸው መለየት አልቻሉም።

«ለተንሳኤ» አሉ በኋላ፤ «መስታወቱ ጠርቷል?»

«ምኑን ልይልህ? በብርድ ዓይኔ እንባ ሞልቶ!»

«እዪልኝ እስቲ።»

እማማ ለተንሳኤ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ፤ በሁለቱ ወንበሮች መሐል አሻግረው ተመለከቱ።

«ጠርቷል» አሉ፣ እያቅማሙ። ከዚያ ሳይጠየቁ ቀጠሉ። «አንድ ቀይ መኪና አለ ከፊታችን። መብራቱ ቢጫ ሆነ። ጎንፋ፣ ቀስ በል። ግራ በኩል አንዲት ሴት ውሻ ይዛ ቆማለች፤ ውሻው ጫማ አድርጓል፤ አቤት ጉድ!»

«ምን ዓይነት ጫማ?» አሉ ጋሽ ወልዱ።